የመለዋወጫ ዕቃ ጥያቄ በኢትዮጵያ ፋብሪካዎች ታሪክ፤ ከድሬዳዋ እስከ አሞራ ገደል

በሐዋሳ ከተማ አሞራ ገደል በሚባለው የሐይቅ ዳር ማለዳ የሄደ ሰው ሁለት ነገር ያያል። አንደኛው፣ ጀልባዎች ዓሣ ይዘው ሲመለሱና አባ ኮዳዎች የተጣለውን የዓሣ ራስና አንጀት ሲሻሙ ነው። ሁለተኛው፣ ብዙ ጎብኚ የማያስተውለው፣ ዓሣ አጥማጆች የተቀደደ መረባቸውን ዘርግተው በክር ሲጠግኑ ነው። መረቡ ቢቀደድ ክሩ ከገበያ ይገኛል፤ ቋጠሮውን የሚያውቅ እጅም እዚያው አለ። እኛ በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ይህ ዕድል ያልደረሰውን መሣሪያ ነው፤ ይኸውም ሠሪው መሥራቱን ካቆመ በኋላ መለዋወጫ የሚታጣለትን የፋብሪካ መኪና፣ በተለይም የፋብሪካ መቈጣጠሪያ መሣሪያ ነው። ነገሩ ከአሞራ ገደል የራቀ እንዳልሆነ ወደ መጨረሻው እናሳያለን።

1. ምድር ባቡርና የድሬዳዋ ወርክሾፕ

በአገራችን የመለዋወጫ ዕቃ ጥያቄ በሰፊው የተነሣው ከምድር ባቡር ጋር ነው ብንል የተሳሳትን አይመስለንም። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. የባቡሩን ሥራ ፈቃድ ለአልፍሬድ ኢልግ ሰጡ። ሥራው ከጅቡቲ በ1890 ዓ.ም. ተጀመረ፤ ሐዲዱም ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ ደግሞ በ1909 ዓ.ም. ደረሰ። የመሥመሩ ርዝመት 784 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት አንድ ሜትር ነበር። ሎኮሞቲቩ ከአውሮፓ ይመጣል፤ የሥራው ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነው፤ የተሰበረ ዕቃ ከተጠየቀ ባሕር ተሻግሮ እስኪደርስ ወራት ይፈጃል።

ይህ ርቀት ነው ድሬዳዋ ላይ ትልቅ ወርክሾፕ እንዲኖር ያስገደደው። በእንፋሎት ዘመን የነበረው አሠራር ለመረዳት አያስቸግርም። ያለቀው ቁራጭ ይፈታል፤ በመለኪያ ይለካል፤ አምሳያው ከእንጨት ይቀረጻል፤ በአሸዋ ቅርጽ ውስጥ ብረት ይፈስበታል፤ በመጨረሻም በቶርኖ ይስተካከላል። የሠሪው ኩባንያ ቢከስር እንኳ ቁራጩ ራሱ የራሱ ንድፍ ነበር። የሚታይና የሚዳሰስ ነገር ሁሉ፣ ሙያው ያለው ሰው እስካለ ድረስ፣ ዳግመኛ ሊሠራ ይችላል።

በ1940ዎቹ ዓ.ም. የናፍጣ ሎኮሞቲቭ ሲገባ ግን ነገሩ እየከበደ ሄደ። የናፍጣ መርጫ ፓምፕ የሚጠይቀው ጥራት በተራ ቶርኖ የሚገኝ አይደለም፤ የኤሌክትሪክ ክፍሉም ሌላ ሙያ ይሻል። በአሮጌው መሥመር የመጨረሻ ዓመታት የቆመው ሎኮሞቲቭ ለሚሄደው ዕቃ መቅጃ ሆነ። በመስከረም 2009 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲሱ የአዲስ አበባና የጅቡቲ መሥመር ተመረቀ። የአዲሱ ሐዲድ ስፋት 1435 ሚሊ ሜትር ስለ ሆነ፣ ከአሮጌው አንድ መንኰራኵር እንኳ ለአዲሱ አይሆንም። የ100 ዓመት ሙያ ያከማቸው የድሬዳዋ ወርክሾፕ የሙያው ወራሽ ሳይታወቅለት ቀረ። ከዚህ የምንማረው አንድ ነገር አለ፤ መኪናን መተካት ቀላል ሊሆን ይችላል፣ ጥገናን ማውረስ ግን ለብቻው ካልታሰበበት አይሆንም።

2. የወንጂና የሸዋ ስኳር ፋብሪካዎች

ሁለተኛው ምሳሌያችን ከሐዋሳ ወደ አዲስ አበባ ስንሄድ ከመንገዳችን እምብዛም የማይርቀው ወንጂ ነው። ኤች ቪ ኤ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ የወንጂን ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም.፣ የሸዋን በ1955 ዓ.ም. ሥራ አስጀመረ። የስኳር ፋብሪካ ክረምት ሲገባ አገዳ መፍጨቱን አቁሞ መኪናውን ሁሉ ይፈታል፤ ኩሽኔታው፣ ቫልቩ፣ የወፍጮው ጥርስ በየተራው ይታያል። ስለዚህ መለዋወጫው ከክረምት በፊት መጋዘን መግባት አለበት። ዕቃው ከዘገየ የሚባክነው የጥገናው ሣምንት ብቻ ሳይሆን በማሳ የቆመው አገዳ ጭምር ነው።

በ1967 ዓ.ም. ፋብሪካዎቹ የመንግሥት ሆኑ። ባለቤቱ ተለወጠ፤ መኪናው ግን ያው ነበር። ሠሪዎቹ በሌላ አገር ሞዴላቸውን ሲለውጡ፣ የእኛዎቹ ሠራተኞች አሮጌውን እየጠገኑ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ አሠሩት። በመጨረሻ፣ በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ዓመታት፣ ሁለቱም በእርጅና ቆመው በአዲስ ፋብሪካ ተተኩ። አንዳንድ ሰው ይህን የኋላ ቀርነት ምልክት ያደርገዋል። እኛ ግን 50 ዓመት የሠራ መኪና በመጀመሪያ የጠጋኞቹ ምስክር ነው እንላለን።

3. የማይታየው መለዋወጫ

እስካሁን የተናገርነው ስለሚዳሰስ ዕቃ ነው። የመቈጣጠሪያ መሣሪያ ታሪክ ግን ከዚህ ይለያል። ቀድሞ የፋብሪካን ሥራ በቅደም ተከተል የሚያዙት ሪሌዎች ነበሩ፤ አሠራሩ እንዲለወጥ ከተፈለገ ሽቦው ተፈትቶ እንደገና ይታሰራል። በ1968 እ.ኤ.አ. ጀነራል ሞተርስ ይህን ድካም የሚያስቀር መሣሪያ ጠየቀ፤ በማግሥቱም ዓመት ሞዲኮን 084 የተባለው ወጣ። ዛሬ ፒ ኤል ሲ የሚባለው መሣሪያ መነሻው ይህ ነው። ሲመንስም በ1979 እ.ኤ.አ. ሲማቲክ ኤስ 5ን አወጣ፤ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ግን በኤስ 7 ተካው።

ልዩነቱን ልብ እንበል። የሪሌ ሥራ በሽቦው ላይ ይነበባል፤ የፒ ኤል ሲ ሥራ ግን በውስጡ በተጻፈው ፕሮግራም ነው። በብዙ አሮጌ ሞዴሎች ፕሮግራሙን የሚጠብቀው ትንሽ ባትሪ ነው፤ ባትሪው አልቆ ኃይል ከጠፋ ትእዛዙ ይጠፋል፣ ካርዱም ባዶ ይሆናል። ኮንደንሰሩም በጊዜ ብዛት ይደርቃል። እንዲህ ያለውን ካርድ ለድሬዳዋው የእንጨት ቀራጭ ብንሰጠው መልኩን እንጂ ሐሳቡን ሊቀርጽ አይችልም።

እኛም ይህን በዓይናችን አይተናል። ለልምምድ በገባንበት አንድ ፋብሪካ ውስጥ አንድ ካርድ ተበላሽቶ መኪናው ቆመ። ሽማግሌው ቴክኒሺያን ከሥራ ከወጣ እኅት መኪና ካርዱን ነቅለው ተከሉት፤ መኪናው ተነሣ። እኛ ስናጨበጭብ እርሳቸው ግን አልሣቁም። «ልጆቼ፣ ይኼ የመጨረሻው ነው» አሉን። ከጠረጴዛቸው ሥር የሞቱ ካርዶች የሞሉበት ካርቶን ነበር፤ በእያንዳንዱ ላይ የተበላሸበትን ቀን በእጃቸው ጽፈዋል። የፕሮግራሙ ቅጂ የት እንዳለ ስንጠይቅ የተከለው የውጭ አገር ሰው ይዞት እንደ ሄደ ነገሩን።

4. ችግሩ የድኻ አገር ብቻ ነውን?

አይደለም። በ2002 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የሕዋ ምርምር ድርጅት ናሳ፣ ለስፔስ ሸትል ሮኬቶች መፈተሻ መሣሪያ የሚሆን ኢንቴል 8086 የተባለ ቺፕ አጥቶ፣ አሮጌ የሕክምና መሣሪያ እየገዛ ቺፑን እስከ መንቀል ደርሶ ነበር። ቺፑ የወጣው በ1978 እ.ኤ.አ. ነው። እንግዲህ ጨረቃ ላይ የደረሰ ድርጅትም እንደ ሶማሌ ተራ ደንበኛ አሮጌ ዕቃ ሲያገላብጥ ተገኝቷል። ልዩነቱ ለእርሱ ገበያው በእጁ መሆኑ ነው፤ በእኛ አገር ግን ዕቃው ቢገኝ እንኳ የውጭ ምንዛሪና የባንክ ወረቀት ለብዙ ዘመን ሌላ ወረፋ ሆነው ኖረዋል። በመካከሉም ታድሶ እንደ አዲስ የሚሸጥ፣ አንዳንዴም አስመስሎ የተሠራ ዕቃ ይገባል።

5. ወደ አሞራ ገደል ስንመለስ

የሐዋሳ የኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ተመረቀ። ግንባታው ዘጠኝ ወር ያህል ብቻ እንደ ፈጀ ይታወቃል። በሥራው ሁሉ ትልቅ ቁም ነገር ነው የምንለው የፍሳሽ ማጣሪያው ነው። ዓላማው የተጣራውን ውኃ መልሶ ለሥራ ማዋልና ፍሳሽ ወደ ውጭ አለመልቀቅ ነው። ይህ ለሐዋሳ ቅንጦት አይደለም። የሐዋሳ ሐይቅ ጥቁር ውኃን የመሰለ ገባር እንጂ የሚወጣ ወንዝ የለውም፤ የገባበት ነገር ሁሉ በዚያው ይቀራል። ቆሮሶውም አምባዛውም ያንኑ ውኃ ይጠጣል፤ የአሞራ ገደል አጥማጅም ከዚያው ይበላል።

እንዲህ ያለው ማጣሪያ ፓምፑንና ቫልቩን የሚያዘው፣ የውኃውን ከፍታና ጠባይ የሚለካው በመቈጣጠሪያ መሣሪያ ነው። የመሣሪያው ሠሪ ደግሞ እንደ ልማዱ ከ15 ወይም ከ20 ዓመት በኋላ ሞዴሉን ይተዋል። ያን ጊዜ የጨርቅ መኪና ቢቆም ባለቤቱ ይከስራል፤ የማጣሪያው መቈጣጠሪያ ቢቆም ግን ዕዳው በውሉ ላይ ስሙ የሌለውን አጥማጅ ያገኘዋል። ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ አገራችን ከአጎዋ ስትወጣ እንደ ታየው፣ ገበያ በአንድ ቀን ሊለወጥ ይችላል። ገቢ ሲቀንስ ደግሞ ከሁሉ በፊት የሚቆረጠው የጥገና በጀት ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? አንዱ መልስ አስቀድሞ ብዙ መለዋወጫ ገዝቶ ማከማቸት ነው። ይህ ግን ምንዛሪ ያስራል፤ ኮንደንሰርና ባትሪም በመጋዘን ውስጥ ሆነው ያረጃሉ። ሁለተኛው አንዱን መኪና ለሌላው መቅጃ ማድረግ ነው፤ ይህም «የመጨረሻው ነው» እስከሚባልበት ቀን ብቻ ያስኬዳል። ሦስተኛው ሁሉን አንድ ጊዜ መለወጥ ነው፤ ይህም ዋጋው ከፍ ያለ ነው፣ የድሬዳዋንም ስሕተት ሊደግም ይችላል።

በእኛ አስተያየት መጀመር የሚገባው ዋጋው ከሁሉ ባነሰው ነገር ነው። አንደኛ፣ መኪና ሲገዛ ንድፉና የፕሮግራሙ ቅጂ የውሉ ክፍል ይሁን፤ ቅጂውም በሁለት ቦታ ይቀመጥ። ሁለተኛ፣ ፋብሪካዎች የመቈጣጠሪያ መሣሪያዎቻቸውን ዝርዝርና ሠሪው መሸጥ የሚያቆምበትን ጊዜ በአንድ መዝገብ ይያዙ፤ የመጨረሻው ማዘዣ ቀን ሳያልፍ በጋራ ይግዙ። ሦስተኛ፣ ለሐይቁ የሚያሰጉት ክፍሎች ሳይሰበሩ በተራ ይለወጡ። አራተኛ፣ ካርድ መጠገን በየኮሌጁ እንደ ሙያ ይሰጥ፤ እንደ ሽማግሌው ቴክኒሺያን ያሉትም ጡረታ ከመውጣታቸው በፊት ያስተምሩ። አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ለዚህ ነው።

አጥማጁ መረቡን የሚጠግነው ወደ ሐይቁ ከመግባቱ በፊት ነው። የፋብሪካው ሰውም እንዲህ ቢያደርግ፣ አጥማጁ መረቡን የሚጥልበት ውኃ ይቆየዋል።