ከሰኞ ማክሰኞ እስከ ስልክ ካሜራ፦ ሰውነት የሚያንቀሳቅሱ ጌሞች አጭር ታሪክ

ሰኞ ማክሰኞ ተጫውታችሁ ታውቃላችሁ አይደል? በከሰል ወይም በጠመኔ መሬት ላይ ሳጥኖች ይሰመራሉ፣ ጠጠር ይወረወራል፣ ከዚያ በአንድ እግር እየዘለሉ ማለፍ ነው። እስቲ ጨዋታውን እንደ ኢንጂነር እንየው። ሳጥኖቹ በእግር የሚነኩ ቁልፎች ናቸው። ዳር ቆመው «መስመር ረገጥሽ!» እያሉ የሚጮኹት ጓደኞች ደግሞ ሴንሰሮች ናቸው። ሰውነትን የሚያንቀሳቅሱ የቪዲዮ ጌሞች ታሪክም ባጭሩ እነዚያን ጓደኞች በማሽን ለመተካት የተደረገ ሙከራ ታሪክ ነው።

ታሪኩን ከቂርቆስ ክፍለ ከተማ ሆነን ብናየው ይጠቅመናል። የአዲስ አበባ ስታዲየም እዚህ ነው፤ ኢትዮጵያ በ1954 ዓ.ም. ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካ ዋንጫን ያነሳችው በዚሁ ሜዳ ነው። ማለዳ ሯጮች ደረጃውን የሚወጡበት የሚወርዱበት መስቀል አደባባይም እዚሁ ነው። ካዛንቺስም እንዲሁ። ስሙ የመጣው በወረራው ዘመን ለጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው «ኢንቺስ» ከተባለ ተቋም ነው፤ «ካዛ ኢንቺስ» ሲባል ሲባል ካዛንቺስ ሆነ። እንዲህ ባሉ የመሀል ከተማ ሰፈሮች ለልጆች ሜዳቸው ብዙ ጊዜ ቅያሱና ግቢው ነበር። በኋላ ፕሌይስቴሽን ቤቶች መጡና ኳሱ ወደ ስክሪን ገባ፣ የሚሮጠውም አውራ ጣት ብቻ ሆነ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በኮሪደር ልማቱ ብዙ የካዛንቺስ ቤቶች ፈርሰው ነዋሪዎቹ ወደ ሌሎች የከተማዋ ክፍሎች ሄዱ፤ የልጅነት መጫወቻ የነበሩ ቅያሶችም አብረው ጠፉ። ታዲያ «ጌም ለልጆች ስፖርት ይጠቅማል ወይ?» የሚለው ጥያቄ እዚህ ሰፈር ውስጥ ቀልድ አይደለም።

ወደ ማሽኖቹ እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ1986 ባንዳይ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ለኒንቴንዶ የሚሆን ወለል ላይ የሚነጠፍ ምንጣፍ አወጣ። ምንጣፉ 12 ቁልፎች ነበሩት፤ ልጁ በቦታው ሲሮጥ ስክሪኑ ላይ ያለው ሯጭም ይሮጣል። ግን ምንጣፉ የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቁልፉ ተነክቷል ወይስ አልተነካም? ልጆች ይህን ለመንቃት ጊዜ አልፈጀባቸውም። ተንበርክከው በእጃቸው እየደበደቡ መቶ ሜትሩን ማሸነፍ ጀመሩ!

እ.ኤ.አ. በ1998 ኮናሚ በዳንስ የሚሠራውን «ዳንስ ዳንስ ሪቮሉሽን» አመጣ። አራት ቀስቶች፣ አንድ ሙዚቃ፣ እግር በምት ላይ ማሳረፍ፤ ሰኞ ማክሰኞን አያስታውስም? በ2006 የአሜሪካዋ ዌስት ቨርጂኒያ ጌሙን በ765 የመንግሥት ትምህርት ቤቶቿ ውስጥ እንደምታስገባ እስከማስታወቅ ደረሰች።

በዚያው ዓመት ኒንቴንዶ ዊ ወጣ። መያዣው ውስጥ ያለችው አክስለሮሜትር የምትባል ትንሽ ቁራጭ የፍጥነት ለውጥን ትለካለች። ችግሩ ቁራጯ ያለችው እጅ ላይ ነው። ስለ እግርና ስለ ወገብ ምንም አታውቅም፤ ሶፋ ላይ ተቀምጦ አንጓን ብቻ ወዝወዝ በማድረግ ቴኒስ መጫወት ይቻላል። በ2010 ማይክሮሶፍት ኪኔክትን አመጣ። በዓይን የማይታዩ የኢንፍራሬድ ነጥቦችን ክፍሉ ላይ እየረጨ 20 የሰውነት ነጥቦችን ይከታተል ነበር። በመጀመሪያዎቹ 60 ቀናት 8 ሚሊዮን ተሸጠ፤ በ2017 ግን ምርቱ ቆመ።

ተመራማሪዎችስ ምን አገኙ? እ.ኤ.አ. በ2007 በእንግሊዝ ሊቨርፑል ከ13 እስከ 15 ዓመት የሆኑ 11 ልጆች ጌም ሲጫወቱ የሚያወጡት ጉልበት ተለካ። የዊ ጨዋታዎች ቁጭ ብሎ ከሚጫወቱት ቢያንስ 51 በመቶ የበለጠ ጉልበት ያስወጣሉ። ጥሩ ነው! ግን እውነተኛውን ስፖርት አልደረሱበትም። በ2012 ደግሞ በአሜሪካ ሂዩስተን ከ9 እስከ 12 ዓመት ላሉ ልጆች ዊ ቤታቸው ድረስ ተሰጣቸው። ግማሾቹ የሚያንቀሳቅስ ጌም፣ ግማሾቹ ቁጭ የሚያስብል። ለ13 ሳምንታት እንቅስቃሴያቸው ሲለካ በሁለቱ ቡድኖች መካከል ልዩነት አልተገኘም። ማሽኑን ገዝቶ ቤት ማስገባት ብቻውን ልጅን አያሯሩጥም ማለት ነው።

ከነዚህ ሁሉ ማሽኖች የምንማረው አንድ ነገር አለ፦ ጌም የሚያሠራን ሴንሰሩ የሚያየውን ያህል ነው። ምንጣፍ እግርን ያያል፣ ዊ እጅን፣ ኪኔክት መላ ሰውነትን። የኳስን ክብደት፣ የተጋጣሚን ግፊያ፣ ጎርባጣውን መሬት ግን አንዳቸውም አያዩም። ለኳስ ተጫዋች ደግሞ ዋናው ትምህርት ያለው እዚያ ነው።

ስለዚህ ጌሙ ቦታ የለውም ማለት ነው? አይደለም። ቦታው ከሥልጠናው ጎን ነው እንጂ በሥልጠናው ምትክ አይደለም። አንድ የሰፈር ፕሮጀክት አሠልጣኝ በክረምት ሜዳው ጭቃ ሲሆን ልጆቹን አዳራሽ ውስጥ ለ15 ደቂቃ በምት እያዘለለ ሰውነታቸውን ሊያሟሙቅ ይችላል። ውድ ማሽንም አያስፈልግም፤ ጉግል በ2020 ያወጣው ብሌዝፖዝ የተባለ ፕሮግራም በተራ የስልክ ካሜራ 33 የሰውነት ነጥቦችን ይከታተላል። ቁመጥ ብድግ ስትሉ ጉልበታችሁ ምን ያህል እንደታጠፈ ስልክ ሊቆጥርላችሁ ይችላል። አሠልጣኙ ግን ለምን እንደተሳሳታችሁ ይነግራችኋል፤ ይህን ስልኩ ገና አልቻለበትም።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። ለዚህ መሮጫ ቦታ ያስፈልጋል። «ሜዳ ባይኖርም ስክሪን አለ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ የሂዩስተኑን 13 ሳምንት ንገሩት።

የራሳችሁን ጌም መፈተን ከፈለጋችሁ ደግሞ ቀላል ሙከራ አለ። ወንበር ላይ ተቀመጡና ተጫወቱት። ቁጭ ብላችሁ ካሸነፋችሁ ጌሙ እያሠለጠናችሁ አይደለም። ኳሳችሁን ይዛችሁ ውጡ።