ማዕርግና መዝገብ በሐይቅ እስጢፋኖስ

የሒሳብ ዐዋቂ ከተራ ጸሐፊ የሚለየው በምንድር ነው? ይህ ጥያቄ ሲነሣ ብዙዎቻችን የምንመለከተው እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1854 በንጉሣዊ ቻርተር ወደ ታወቀው የኤዲንበርግ ማኅበር ነው። እኛ ግን ነገሩን ከወሎ፥ ከሐይቅ እስጢፋኖስ ልንጀምረው ወደድን።

አባ ኢየሱስ ሞዐ ወደዚህ ገዳም የመጡት በ1240 ዓ. ም. ገደማ ነው። በ1273 ዓ. ም. ያስጻፉት ወንጌል እስከ ዘመናችን የደረሰ ሲሆን፥ ለገዳሙ የተሰጡ መጻሕፍትና ንዋያተ ቅድሳት ተዘርዝረውበት ይገኛሉ። ንብረትን በወንጌል ላይ መመዝገብ በአገራችን የቆየ ልማድ ነው። የጉልት ስጦታም እንዲሁ ይጻፍ ነበር፤ በመጨረሻውም ብዙውን ጊዜ ጽሑፉን የሚፍቀውን፥ ስጦታውን የሚሽረውን የሚያወግዝ ቃል ይጨመርበታል። እንግዲህ ለመዝገቡ ዋስ የሆነው የጸሐፊው ፈተና ማለፍ ሳይሆን ውግዘቱ ነበር። የገዳሙም አለቃ «ዐቃቤ ሰዓት» ተብሎ በቤተ መንግሥት ትልቅ ስፍራ ነበረው፤ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ዐቃቤ ሰዓት አምኃ ጽዮን ወደ ንጉሡ መግባት ከሚችሉት ጥቂቶች አንዱ ነበር። ማዕርግስ አልጎደለም።

የጎደለው ሌላ ነው። ጉልት መሬቱን ሳይሆን ከመሬቱ የሚገኘውን ግብር የመቀበል መብት ነበር፤ ርስቱ በገበሬው እጅ ይቆያል። የስጦታው ጽሑፍ ሰጪውንና ተቀባዩን ያከብራል፤ ግብር ከፋዩ ምን እንደ ደረሰበት ግን አይናገርም። ምናልባት ገበሬው ቀድሞም ለሌላ ጌታ ይከፍል ኖሮ፥ የተለወጠበት የተቀባዩ ስም ብቻ ይሆናል፤ ይህንንም ቢሆን ከጽሑፉ አናገኘውም።

የሕዝብን ደኅና ኑሮ የሚመረምረው የኤኮኖሚክስ ክፍል እዚህ ላይ ይጠቅመናል። በፓሬቶ ሚዛን አንድ ለውጥ መሻሻል የሚባለው ማንንም ሳይጎዳ ቢያንስ አንዱን ሲጠቅም ነው። ካልዶርና ሂክስ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1939 ሚዛኑን አላሉትና፥ ተጠቃሚው ተጎጂውን ለመካስ ከቻለ ይበቃል አሉ፤ ካሣው ባይከፈልም! (ይህን የወሎ ገበሬ ቢሰማ ምን ይል ነበር?) በየትኛውም ሚዛን ቢሆን ግን የተጎጂው ጉዳት በመዝገብ ካልሰፈረ መዛኙ የሚመዝነው የለውም።

የ1952ቱ የንግድ ሕግ የአክሲዮን ማኅበራት ኦዲተር እንዲኖራቸው አዘዘ። ከአዋጅ ቁጥር 847/2006 በኋላም የኢትዮጵያ የሒሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ተቋቋመ። በውግዘት ፈንታ ፈቃድ መጣ፤ ያጠፋ ኦዲተር ፈቃዱን ያጣል። የኦዲተሩ ሪፖርት ግን ዛሬም የሚቀርበው ለባለ አክሲዮኖች ጉባኤ ነው።