ደላላው፣ ቪላውና ጌ ጋሩ

ሐረር ባሕር የላትም። የቤት ኪራይ ቃሎቿን ግን ብንፈትሽ ግማሾቹ ከዘይላ ወደብ ከግመል ጭነት ጋር ሽቅብ የወጡ ይመስላሉ። ከደላላው እንጀምር። በዐረብኛ «ደላል» የሚያመለክተው ገዢና ሻጭ የሚያገናኝን ሰው ነው። አማርኛ ደግሞ «ደለለ» የሚል ግስ አለው፤ ማባበል፣ ማሞኘት ማለት ነው፤ «መደለያ»ም ከዚያው ይወጣል። ቤት ፈልጎ የተንከራተተ ሰው ሁለቱን ቃላት ይለያያቸዋል ብዬ አላምንም።

«ኪራይ»ም ዐረብኛ ነው። ከዚሁ ሥር የወጣው «ሙካሪ» የጭነት ከብት የሚያከራየውን ሰው ይጠራል፤ ስለዚህ ቃሉ ከቤት ይልቅ ለመንገድና ለጭነት የቀረበ ነበር ብል አልሳሳትም። ቤቱን ለመያዝ የምንከፍለው «ቀብድ» በዐረብኛ መያዝ፣ መጨበጥ ነው። እውነትም አከራዩ ቀብዱን ጨብጦ ነው ቁልፉን የሚያስበው።

«ፎቅ»ስ? በዐረብኛ «ላይ» ማለት ብቻ ነው። በሐረር ስመ ጥሩው ፎቅ የራምቦ ቤት የሚባለው ነው። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ በ1880 እ.ኤ.አ. ለባርዴ የንግድ ቤት ተቀጥሮ ከተማዋ ገባ፤ በ1891 ሞተ። በስሙ የሚጠራውን ባለ እንጨት ሰገነት ቤት ያሠራው ግን ሕንዳዊ ነጋዴ ነው፣ ያውም ራምቦ ከሞተ በኋላ። ስሙ ያልኖረበትን ቤት ተከራይቶ ቀረ።

«ቪላ» የመጣው ከጣሊያን ነው። በላቲን የገጠር እርሻ ቤት ነበር፤ እኛ ጋ ከተማ ገብቶ የባለጸጋ መኖሪያ ሆነ። ዛሬ ደላላ «ቪላ ነው» ካለ ፎቅ የሌለው፣ ግቢና ሰርቪስ ያለው ቤት ማለቱ ነው።

በግንብ በታጠረችው አሮጌዋ ሐረር፣ ጀጎል ውስጥ ግን ቅንጦት የሚለካው በሌላ ነው። ሐረሪዎች ከተማቸውን «ጌ» ይላሉ፤ ቤት ደግሞ «ጋር» ነው፤ ጌ ጋር የከተማ ቤት። ከውጭ ሲያዩት ድፍን ግድግዳ ነው። በሩን አልፈው ዋናው ክፍል፣ ጊዲር ጋር ሲገቡ፣ ከፍታቸው የሚለያይ «ነደባ» የሚባሉ መደቦች ይቀበሉዎታል፤ ግድግዳው በስፌትና በሳሕን ተሞልቷል። «ጊዲር» ትልቅ፣ «ጥት» ትንሽ ነው፤ ጊዲር ነደባና ጥት ነደባ የተባሉትም በዚሁ ነው። አሚር ነደባ የአባወራው ነው። ሱትሪ ነደባ ከዕይታ የተከለለው ሲሆን «ሰተረ» በዐረብኛ መሸፈን ነው። ማን የት እንደሚቀመጥ ቤቱ ራሱ ይናገራል፤ አስተዋዋቂ አያስፈልግም። ከጀጎል ቤቶች አንዳንዶቹ ዛሬ ለእንግዳ በአዳር ይከራያሉ፤ እኔ ከየትኛውም ቪላ እነዚህን እመርጣለሁ።

የአማርኛው ተናጋሪ «እኔ ጋር ና» ሲል «ቤቴ ና» ማለቱ እንደሆነ እዚህ ላይ ትዝ ይላል። ፈረንሳዮችም «ሼ» የሚሉት መስተዋድድ ቤትን ከሚጠራው የላቲን ቃል «ካሳ» ነው የወጣው። የእኛውን «ጋር» ከሐረሪው ጋር ለማጋባት አልደፍርም፤ ጨዋታው ግን ያምራል።

ወደ ኪራይ ስንመለስ፣ የመንግሥት ጉዳይ የሆነው በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ነው። አዋጁ «ትርፍ ቤት»ን ወረሰ። ትርፍ በአማርኛ ከሚበቃው በላይ የሆነው ነው፤ የንግድ ጥቅምም ነው፤ አከራዩ ሁለቱንም በአንድ ቀን አጣ። ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበረ ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ፤ «የቀበሌ ቤት» የሚለው አነጋገር ያኔ ተወለደ። በ2016 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1320 ደግሞ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ደነገገ።

በመካከሉ በኢሕአዴግ ዘመን «ኪራይ ሰብሳቢ» የሚል ስድብ መጣ። ከኢኮኖሚክስ የተወሰደ ነው፤ አን ክሩገር በ1974 እ.ኤ.አ. ስሙን ያወጣችለት፣ ሳያመርቱ በመንግሥት ፈቃድና ልዩ መብት ጥቅም የማግኘት ሩጫ ነው። በአማርኛ ግን ቃል በቃል የቤት ባለቤቱ ነው፤ ቤቷን አከራይታ በየወሩ መጨረሻ በር የምታንኳኳ እናት ሳትሰርቅ በስድቡ ውስጥ ተጠቀለለች።