ፓላስ ሆቴል (ሳን ፍራንሲስኮ)

ፓላስ ሆቴል በዩናይትድ ስቴትስ፣ ካሊፎርኒያ፣ በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ በማርኬት እና በኒው ሞንትጎመሪ ጎዳናዎች ማዕዘን ላይ የሚገኝ ታሪካዊ ሆቴል ነው። የመጀመሪያው ሕንፃ በ1875 ተከፍቶ በ1906 በእሳት ወደመ። አሁን ያለው ሕንፃ በዚያው ቦታ ተሠርቶ በ1909 ተከፈተ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አመሠራረት

ሆቴሉን ያሠራው የካሊፎርኒያ ባንክ መሪ የነበረው ዊልያም ራልስተን ነው። ሥራው 5 ሚሊዮን ዶላር ያህል ፈጅቷል። ሕንፃው 7 ፎቅ እና 755 ክፍሎች ነበሩት፤ በወቅቱም በምዕራብ አሜሪካ ትልቁ ሆቴል ነበር። በመካከሉ እንግዶች በሠረገላ እስከ ውስጥ የሚገቡበት፣ በብርጭቆ ጣሪያ የተሸፈነ ሰፊ ግቢ ነበረው።

ራልስተን ግን ምርቃቱን አላየም። በነሐሴ ወር 1875 ደንበኞች ገንዘባቸውን ለማውጣት በመጉረፋቸው ባንኩ ተዘጋ፤ በማግስቱ ራልስተን በሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ሆቴሉን በኦክቶበር 2 ቀን 1875 የከፈተው የንግድ ሸሪኩ ዊልያም ሻሮን ነው።

ከአደጋ የመከላከል ዝግጅት

ሳን ፍራንሲስኮ ቀደም ሲል በተደጋጋሚ ቃጠሎ፣ በ1868 ደግሞ በመሬት መንቀጥቀጥ ተጎድታ ስለነበር ሕንፃው ሁለቱንም እንዲቋቋም ታስቦ ተሠራ። ወፍራም የጡብ ግድግዳዎቹ በብረት ተጠናከሩ። ሆቴሉ የራሱ የውሃ ጉድጓዶች፣ ከመሬት በታች ከ2 ሚሊዮን ሊትር በላይ የሚይዝ ማጠራቀሚያ፣ በጣሪያው ላይ ደግሞ ተጨማሪ የውሃ ታንከሮች ነበሩት።

የ1906 አደጋ

ሚያዝያ 10 ቀን 1898 ዓ.ም. (ኤፕሪል 18 ቀን 1906) ከንጋቱ 11 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ላይ ከተማዋን ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ መታት። በዋዜማው ምሽት በኦፔራ የዘፈነው ጣሊያናዊው ኤንሪኮ ካሩሶ በሆቴሉ አድሮ ነበር። ሕንፃው መንቀጥቀጡን ተቋቁሞ ቆመ፤ እንግዶቹም ወጡ።

ሆኖም መንቀጥቀጡ የከተማዋን የውሃ ቧንቧዎች ሰባብሮ ስለነበር በየቦታው የተነሳውን እሳት ማጥፋት አልተቻለም። የሆቴሉ ሠራተኞች በራሳቸው ውሃ ለሰዓታት ቢከላከሉም ውሃው አለቀ፤ በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ሆቴሉ ተቃጠለ። አንድ ሕንፃ ብቻውን የያዘው ውሃ፣ የከተማው መስመር ከተቋረጠ በኋላ፣ ከየአቅጣጫው የሚመጣን ቃጠሎ ሊገታ አልቻለም። በከተማዋ ከ28 ሺህ በላይ ሕንፃዎች ወድመዋል፤ የሟቾቹም ቁጥር 3,000 ገደማ ወይም ከዚያ በላይ እንደሆነ ይገመታል።

ከዚህ በኋላ ከተማዋ ለእሳት አደጋ ብቻ የሚያገለግል፣ ከመጠጥ ውሃው የተለየ ባለ ከፍተኛ ግፊት የውሃ መስመር ዘረጋች። ሥራው በ1913 የተጠናቀቀ ሲሆን ከጎዳናዎች በታች የተቀበሩ ማጠራቀሚያዎችንና የባሕር ውሃ የሚስቡ ፓምፖችን ይጨምራል።

ዳግም ግንባታ

የተቃጠለው ሕንፃ ፍርስራሽ ተነስቶ አዲሱ ሆቴል ትሮውብሪጅ እና ሊቪንግስተን በተባሉ የኒውዮርክ አርክቴክቶች ንድፍ ተሠራ፤ በዲሴምበር 19 ቀን 1909ም ተከፈተ። የቀድሞው የሠረገላ ግቢ በነበረበት ቦታ፣ ባለቀለም ብርጭቆ ጣሪያ ያለው «ጋርደን ኮርት» የተባለ የመመገቢያ አዳራሽ ተሠራ። አዳራሹ ዛሬ የከተማዋ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል።

ታዋቂ ክስተቶች

የሃዋይ ንጉሥ ካላካዋ በ1891 በቀድሞው ሕንፃ፣ የዩናይትድ ስቴትስ ፕሬዝዳንት ዋረን ሃርዲንግ ደግሞ በኦገስት 2 ቀን 1923 በአዲሱ ሕንፃ አርፈዋል። በ1945 የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በሳን ፍራንሲስኮ ጉባኤ ሲመሠረት በጋርደን ኮርት የክብር ግብዣ ተደርጓል፤ ቻርተሩን ከፈረሙት አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች።

እድሳት

ሆቴሉ በ1989 መጀመሪያ ለእድሳት ተዘጋ። በዚያው ዓመት በኦክቶበር 17 ሌላ የመሬት መንቀጥቀጥ ከተማዋን ቢመታም ሥራው ቀጥሎ ሆቴሉ በ1991 እንደገና ተከፍቷል።