የፖድካስት ትረካና ቃለ መጠይቅ

የፖድካስት ትረካና ቃለ መጠይቅ ሰውን አነጋግሮ፣ ድምፁን ቀርጾና አሰናድቶ፣ አድማጭ በፈለገው ጊዜ የሚሰማው ታሪክ የማዘጋጀት ሙያ ነው። ሥራው በአንድ የእጅ ስልክ ሊጀመር ይችላል። ከመሣሪያው ይልቅ ልምምድ የሚጠይቁት አጠያየቅና ማዳመጥ ናቸው። በዚህ መጣጥፍ የሙያው ደረጃዎች በፎገራ ሜዳ የሩዝ ታሪክ ምሳሌነት ቀርበዋል።

አመጣጥ

«ፖድካስት» የሚለው ቃል «አይፖድ» ከተባለው የሙዚቃ ማጫወቻና ስርጭት ማለት ከሆነው «ብሮድካስት» የተገኘ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ጋዜጠኛው ቤን ሃመርስሊ በእንግሊዙ ጋርዲያን ጋዜጣ ላይ ተጠቅሞበታል።

በኢትዮጵያ ቃሉ አዲስ ቢሆንም ሙያው ሥር አለው። ተራኪው «ተረት ተረት» ሲል አድማጮች «የላም በረት» ብለው ይመልሳሉ፤ አድማጭ የትረካው ተካፋይ ነው። በጥንቱ «በላ ልበልሃ» ሙግት ደግሞ ተሟጋቾች በጥያቄ ይፋጠጡ ነበር። የሙግት ጥያቄ ግን ተጠያቂውን ለመርታት የሚቀርብ ሲሆን፣ የቃለ መጠይቅ ጥያቄ ባለታሪኩ የሚያውቀውን እንዲናገር መንገድ ይከፍታል። በሬዲዮ የዚህ ዓይነቱ ረጋ ያለ ጭውውት የታወቀ ምሳሌ መዓዛ ብሩ በሸገር ኤፍ ኤም 102.1 የምታቀርበው «የጨዋታ እንግዳ» ነው።

ርዕሰ ጉዳይ መምረጥ

ጥሩ ርዕስ ጠባብ ነው። «የፎገራ ታሪክ» ለአንድ ክፍል እጅግ ይሰፋል፤ «ሩዝ ወደ ፎገራ ሲገባ» ግን ሰው፣ ችግርና ለውጥ አለው።

የፎገራ ሜዳ በደቡብ ጎንደር፣ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ ይገኛል። ዋና ከተማው ወረታ ከባሕር ዳር 55 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በክረምት የርብና የጉማራ ወንዞች ሲሞሉ ሜዳው ውኃ ይተኛበታል። በዚህ የተነሳ ለረጅም ጊዜ የከብት ግጦሽ ነበር፤ ውኃው ሲሸሽ ደግሞ በቀሪው እርጥበት እንደ ጓያና ሽምብራ ያሉ ሰብሎች ይዘሩበት ነበር። በደርግ ዘመን በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ ሩዝ ተሞከረ። «ኤክስ ጅግና» የተባለው ዝርያ ስሙን ያገኘው ከሙከራው ሥፍራዎች አንዷ ከሆነችው ጅግና ነው። ዛሬ ሩዝ የአካባቢው ዋና ሰብል ሆኗል፤ ከጤፍ ጋር ተደባልቆም እንጀራ ይጋገርበታል።

በዚያን ጊዜ 25 ዓመት የነበረው ገበሬ ዛሬ 70 ዓመት ገደማ ደርሷል። የመጀመሪያውን አዝመራ በዓይናቸው ያዩ ሰዎች ትዝታ ካልተቀረጸ አብሯቸው ያልፋል።

አጠያየቅ

«ሩዝ ጠቅሟችኋል?» የሚል ጥያቄ «አዎ፣ ይመስገነው» ተብሎ ይዘጋል። «ሩዝ ከመዘራቱ በፊት ማሳው ላይ ምን ነበር?»፣ «ዘሩን ማን አመጣላችሁ?»፣ «መጀመሪያ እቤት ሲመጣ እንዴት አድርጋችሁ በላችሁት?» የሚሉት ግን ትዝታ ይቀሰቅሳሉ። የመጨረሻውን ጥያቄ ለሴቶች ማቅረብ ይበጃል፤ አዲሱን እህል ምግብ ያደረጉት እነርሱ ናቸውና።

አረጋውያንን አንቱ ማለትና ሰላምታውን ሳያቋርጡ ማድረስ ጨዋነት ብቻ ሳይሆን ባለታሪኩን የሚያዝናና ዝግጅትም ነው። መልስ ካበቃ በኋላ ጥቂት ሰከንድ ዝም ማለት ጠቃሚ ነው፤ ብዙ ጊዜ ዋናው ነገር የሚወጣው ከዚያ ዝምታ በኋላ ነው።

ዓመተ ምሕረት ለማያስታውስ ሰው የታወቀ ክስተት መጥቀስ ይረዳል፦ «ከ77ቱ ድርቅ በፊት ነው ወይስ በኋላ?» ሁለት ሰዎችን ለየብቻ ጠይቆ መልሳቸውን ማስተያየት፣ ከተቻለም ከጽሑፍ ማስረጃ ጋር ማመሳከር ያስፈልጋል።

ቀረጻ

ከመቅዳት በፊት ዓላማውን፣ ድምፁ የት እንደሚሰማና ባለታሪኩ ሐሳቡን መለወጥ እንደሚችል ገልጾ ፈቃድ መጠየቅ ግድ ነው። ስልኩ በበረራ ሁነታ ላይ ሆኖ ከአፍ አንድ ስንዝር ያህል ርቆ ይቀመጣል። የቆርቆሮ ጣሪያ በዝናብ ጊዜ፣ የውኃ ፓምፕና የሩዝ መፈልፈያ በማንኛውም ጊዜ ንግግሩን ይውጣሉ። መጋረጃ፣ ፍራሽና ጋቢ ያለበት ክፍል የድምፅ ማስተጋባትን ይቀንሳል። የወፍጮው ድምፅ ለትረካው ካስፈለገ ለብቻው ይቀረጻል።

ዋናው ቅጂ ሳይታመቅ በዌቭ ፋይል ቢቀመጥ ይመረጣል። በተለመደው የ44.1 ኪሎ ኸርዝና የ16 ቢት ጥራት፣ 30 ደቂቃ ነጠላ ቻናል ድምፅ 159 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። ለስርጭት በሰከንድ 64 ኪሎ ቢት በሆነ ኤምፒ3 ሲታመቅ 14 ሜጋባይት ተኩል ያህል ይወርዳል።

ቅንብር

እንደ ኦዳሲቲ ባለ ነፃ ሶፍትዌር ድግግሞሽና ረብሻ ይወጣል፣ ቅደም ተከተልም ይስተካከላል። ለአንድ ጥያቄ የተሰጠን መልስ ለሌላ ጥያቄ እንደተሰጠ አድርጎ መቀጠል ግን ማታለል ነው። ተራኪው ባለታሪኩ የተናገረውን አይደግምም፤ ቦታን፣ ጊዜንና ለአድማጭ እንግዳ የሆነን ነገር ብቻ ያብራራል።

ስርጭትና ማስቀመጥ

ኢንተርኔት በማይደርስበት ሥፍራ ድምፅ በብሉቱዝና በሚሞሪ ካርድ ከስልክ ወደ ስልክ ይተላለፋል። በስልክ መስመርም ይቻላል፦ እ.ኤ.አ. በ2014 የተጀመረው 8028 የግብርና መረጃ መስመር ለደወለ ገበሬ የተቀዳ ምክር ያሰማል።

ያልተቆረጠው ቅጂ የተናጋሪው ስም፣ ቀበሌና የተቀዳበት ቀን ተጽፎበት ይቀመጣል። አንዱ ቅጂ ለባለታሪኩ ቤተሰብ ሊሰጥ ይገባል።