የቤት ሚግ ብየዳ ማሽን

ሚግ ብየዳ ማሽን ከጥቅል የሚወጣ ቀጭን ሽቦን ያለማቋረጥ እየገፋ በኤሌክትሪክ ቅስት የሚያቀልጥ የብረት መበየጃ መሣሪያ ነው። ሽቦው ኤሌክትሮድም መሙያ ብረትም ሆኖ ያገለግላል። ከቶርቹ አፍ የሚወጣው ጋዝ ደግሞ የቀለጠውን ብረት ከአየር ይከላከላል። ጋዙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያለበት ሲሆን ዘዴው በትክክለኛ ስሙ ማግ ይባላል፤ በገበያ ግን ሁለቱም ሚግ በሚለው ስም ይታወቃሉ።

ታሪክ

ዘዴው በ1948 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በባተል መሞሪያል ኢንስቲትዩት ተሠራ። መጀመሪያ በዋናነት ያገለገለው ለአሉሚኒየም ነበር፤ የሚጠቀምበት ጋዝ ውድ ስለነበር ለተራ ብረት አያዋጣም ነበር። በ1953 እ.ኤ.አ. ርካሽ የሆነው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሥራ ላይ ሲውል ለብረት ሥራም ተስፋፋ። በኋላ የመጡት የኢንቨርተር ማሽኖች ከትራንስፎርመር ማሽኖች በጣም የቀለሉ ስለሆኑ ለቤት አገልግሎት ተመራጭ ሆነዋል።

የማሽን አመራረጥ

የብረት ውፍረት፦ ለተራ ብረት ለእያንዳንዱ 1 ሚሊሜትር ውፍረት 40 አምፔር ገደማ ይታሰባል። በዚህ ስሌት 1.5 ሚሊሜትር ቱቦላሬ 60 አምፔር፣ 3 ሚሊሜትር ብረት ደግሞ 120 አምፔር ይፈልጋል። ከ140 እስከ 200 አምፔር የሚሰጥ ማሽን ለአብዛኛው የቤት ሥራ ይበቃል። የመኪና አካል ላሜራ ለሚበይድ ሰው ግን ዝቅተኛው አምፔርም አስፈላጊ ነው፤ ማሽኑ ወደ 30 አምፔር ካልወረደ ላሜራውን ይበሳዋል።

የኤሌክትሪክ መስመር፦ በ120 አምፔር ሲበየድ ቅስቱ ብቻውን 2400 ዋት ያህል ይወስዳል። በማሽኑ ውስጥ የሚባክነው ሲጨመር ፍጆታው ከኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ ጋር ይቀራረባል። ስለዚህ ሁለቱን በአንድ መስመር በአንድ ጊዜ መጠቀም ብሬከሩን ሊጥል ይችላል። ቀጭንና ረጅም ማራዘሚያ ገመድ ይሞቃል፣ ቮልቴጁንም ይቀንሳል። በአሜሪካ የሚሸጡ ብዙ ትናንሽ ማሽኖች በ120 ቮልት ብቻ የሚሠሩ ስለሆኑ በኢትዮጵያ 220 ቮልት ላይ በቀጥታ ቢሰኩ ይበላሻሉ። ከውጭ ከመላኩ በፊት በማሽኑ ጀርባ ያለውን ሰሌዳ ማንበብ ያስፈልጋል።

የሥራ ዑደት፦ ይህ ማሽኑ ከ10 ደቂቃ ውስጥ ስንቱን ደቂቃ ሊበይድ እንደሚችል የሚያሳይ ቁጥር ነው። «20% በ140 አምፔር» ማለት 2 ደቂቃ በይዶ 8 ደቂቃ ማረፍ አለበት ማለት ነው። አምፔሩ ሲቀነስ የመበየጃ ጊዜው ይረዝማል።

ጋዝ፦ 75% አርጎንና 25% ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያለው ድብልቅ ለቀጭን ብረት ምቹ ሲሆን ፍንጣሪውም ጥቂት ነው። ንጹሕ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይረክሳል፣ ጠልቆም ይገባል፣ ነገር ግን ፍንጣሪው ይበዛል። አሉሚኒየም ንጹሕ አርጎን ይፈልጋል።

ያለ ጋዝ፦ በውስጡ ፍላክስ የተባለ ዱቄት የያዘ ሽቦ የራሱን መከላከያ ይፈጥራል። ንፋስ ጋዝን ስለሚበትን ከቤት ውጭ ለሚሠራ ይህ ይሻላል። ጭሱ ግን ብዙ ነው፣ ከብየዳው ላይም ቅርፊት መወገድ አለበት። በዚህ ሽቦ ሲሠራ ቶርቹ አብዛኛውን ጊዜ ከኔጌቲቭ፣ በጋዝና በጠጣር ሽቦ ሲሠራ ደግሞ ከፖዘቲቭ ጋር ይያያዛል። ሚግ ተብለው ከሚሸጡት አንዳንድ ርካሽ ማሽኖች ያለ ጋዝ ብቻ የሚሠሩ ናቸው። ገዢ የጋዝ ቱቦ መግቢያ መኖሩንና ፖላሪቲው መቀያየር መቻሉን ማየት አለበት።

ሽቦ፦ ለቤት ሥራ 0.6 እና 0.8 ሚሊሜትር ሽቦ የተለመደ ነው። 1 ኪሎ ጥቅል ብቻ የሚይዝ ማሽን ትንሽ ቦታ ይይዛል፤ 5 ኪሎ የሚይዘው ግን የሽቦ ወጪን ይቀንሳል።

የብየዳ ጥንካሬ

ሚግ ለመማር ቀላል ቢሆንም የሚያታልል ጉድለት አለው። አምፔሩ ካነሰ ሽቦው በብረቱ ላይ ተጋግሮ ያማረ መስመር ይሠራል፤ ከሥር ያለው ብረት ግን አልቀለጠም። እንዲህ ያለ ብየዳ በመሰላል ወይም በተጎታች ላይ ሳይታሰብ ይለቃል። ቀላሉ መፈተሻ በተመሳሳይ ቁራጭ ብረት ላይ በይዶ በሞርሳ አስሮ በመዶሻ ማጠፍ ነው። ብየዳው ከብረቱ ከተላቀቀ አቅሙ ወይም አስተካከሉ ትክክል አይደለም። ሰው የሚሸከም ዕቃ ከማሽኑ አቅም በላይ ከሆነ በሙያተኛ መበየድ ይኖርበታል።

ጥንቃቄ

የቅስቱ አልትራቫዮሌት ጨረር ለአጭር ጊዜ እንኳ ቢታይ ዓይን ያቃጥላል፤ ሕመሙ ብዙ ጊዜ ከሰዓታት በኋላ ይጀምራል። ተራ የፀሐይ መነጽር አይከላከልም። ሙሉ የፊት ጭንብል፣ የቆዳ ጓንትና ሰውነትን የሚሸፍን የጥጥ ልብስ ያስፈልጋል፤ ሕፃናትና ተመልካቾችም መራቅ አለባቸው። ዚንክ የተቀባ ቆርቆሮ ወይም ቧንቧ ሲበየድ የሚወጣው ጭስ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለትን ያስከትላል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት በ2017 እ.ኤ.አ. የብየዳ ጭስን ካንሰር አምጪ ብሎ መድቧል። አርጎን ሽታ የለውም፣ በተዘጋ ክፍልም ኦክስጅንን ተክቶ ሊያፍን ስለሚችል ሥራው አየር በሚዘዋወርበት ቦታ መሆን አለበት። የጋዝ ሲሊንደር ቆሞ በሰንሰለት ይታሰራል። ነዳጅ የነበረበት በርሜል ባዶ ቢመስልም ሊፈነዳ ስለሚችል በቤት ውስጥ አይበየድም።