የመጠበቅ ዋጋ፦ ቱርቦ ፓስካል እና ኮድን በተጻፈበት ቦታ የማስኬድ ታሪክ

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1983 ቦርላንድ የተሰኘ አነስተኛ የካሊፎርኒያ ኩባንያ ባይት በተባለው የኮምፒውተር መጽሔት ላይ ማስታወቂያ አወጣ። የሚሸጠው ሶፍትዌር ቱርቦ ፓስካል ይባላል፤ ዋጋው 49 ዶላር ከ95 ሳንቲም ነው። ተፎካካሪዎቹ በመቶዎች በሚቆጠር ዶላር ይሸጡ ስለነበር የዘመኑ ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚተረከው በዚህ የዋጋ ልዩነት ነው። ዳሩ ግን ቱርቦ ፓስካል የቀነሰው ትልቁ ወጪ በማስታወቂያው ላይ የተጻፈው አልነበረም።

ኮምፓይለር ሰው የጻፈውን ኮድ ማሽን ወደሚፈጽመው መመሪያ የሚለውጥ ፕሮግራም ነው። ከዚያ ቀደም በግል ኮምፒውተር ላይ በፓስካል የሚጽፍ ሰው ሥራው የተቆራረጠ ነበር። ኮዱን በኤዲተር ይጽፋል፤ ፋይሉን አስቀምጦ ይወጣል፤ ኮምፓይለሩን ያስነሣል፤ አንዳንዴም በመካከል ፍሎፒ ዲስክ ይቀያይራል፤ ቀጥሎ ሊንከር የተባለ ሌላ ፕሮግራም ቁርጥራጮቹን ያገጣጥማል። ከዚህ ሁሉ ድካም በኋላ አንዲት ሴሚኮለን መጉደሏ ይነገረው ይሆናል። ወደ ኤዲተሩ ተመልሶ መስመሯን ይፈልጋል፤ ያርማል፤ ዑደቱም እንደ አዲስ ይጀመራል። ስሕተቱ የአንድ ምልክት ነው፤ ቅጣቱ ግን የደቂቃዎች።

ዴንማርካዊው አንደርስ ሃይልስበርግ የሠራው ኮምፓይለር ይህን ሰንሰለት በጠሰው። ኤዲተሩና ኮምፓይለሩ ከ40 ኪሎባይት ባነሰ አንድ ፋይል ውስጥ አብረው ተቀመጡ። ኮዱ ወደ ዲስክ ሳይመላለስ እዚያው ሜሞሪ ውስጥ ይተረጎማል፤ አንዲት ፊደል ሲጫኑም ይሠራል። ስሕተት ከተገኘ ትርጉሙ ይቆምና ተጠቃሚው በኤዲተሩ ውስጥ ስሕተቱ ካለበት ቦታ ላይ ይደርሳል።

ሐሳቡ ፈጽሞ አዲስ አልነበረም። በዳርትመዝ ኮሌጅ ጆን ኬሜኒ እና ቶማስ ከርትዝ በ1964 ባስጀመሩት ቤዚክ ተማሪው ኮዱን በቴሌታይፕ ጽፎ እዚያው እንዲሠራለት ማዘዝ ይችል ነበር። ነገር ግን በትንንሾቹ ኮምፒውተሮች ላይ የተስፋፋው ቤዚክ እያንዳንዱን መስመር በሥራ ላይ ሳለ የሚተረጉም በመሆኑ ዝግተኛ ነበር። ስለዚህ ፕሮግራመሩ ቶሎ የሚታረም ኮድና ፈጥኖ የሚሠራ ፕሮግራም ከተባሉት ሁለት ጥቅሞች አንዱን ለመተው ይገደድ ነበር። ቱርቦ ፓስካል ይህን ግዳጅ አስቀረ፤ ከዋጋው ይልቅ ክብደት ሊሰጠው የሚገባውም ይህ ነው።

መጠበቅ ማሰብን ያስተምራል የሚሉ ነበሩ፤ ማሽኑ ቶሎ የሚመልስለት ሰው ሳያሰላስል ይሞክራል በማለት። ክርክሩ የሚናቅ አይደለም። ሆኖም የመጠበቅ ዕዳ በሁሉም ላይ እኩል አይወድቅም። ደመወዝተኛው ባለሙያ የሚጠብቀው በአሠሪው ሰዓት ነው። በተውሶ ኮምፒውተር ፊት አንድ ሰዓት ብቻ ያለው ተማሪ ግን አምስት ጊዜ ከመሳሳቱ በፊት ጊዜው ያልቅበታል።

የቦርላንድ የአጠቃቀም ውልም ከዚሁ መንፈስ የራቀ አልነበረም። ሶፍትዌሩን እንደ መጽሐፍ ቆጠረው፦ በአንድ ጊዜ በሁለት ቦታ አይነበብ እንጂ ከማሽን ወደ ማሽን፣ ከሰው ወደ ሰው መሻገር ይችላል። ብዙ አምራቾች ዲስኮቻቸውን ከመቅዳት በቴክኒክ በሚከላከሉበት ዘመን ይህ ድፍረት ነበር።

ሃይልስበርግ በ1996 ወደ ማይክሮሶፍት ተሻገረ፤ በ2012 ይፋ የሆነውን ታይፕስክሪፕት የተሰኘ ቋንቋ ልማትም መራ። ኩባንያው በ2015 ያቀረበውና ዛሬ እጅግ ብዙ ፕሮግራመሮች ኮዳቸውን ጽፈው እዚያው የሚያስኬዱበት ቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድ በአብዛኛው የተጻፈው በዚሁ ቋንቋ ነው። የኤዲተሩ ዋጋ ዜሮ ነው፤ የመሠረቱም ኮድ ለሁሉም ክፍት ነው። ለልዩ ልዩ ቋንቋዎች የሚያስፈልጉት ቅጥያዎች የሚወርዱበት የማይክሮሶፍት ገበያ ደንብ ግን አገልግሎቱን ለኩባንያው የራሱ ምርቶች ብቻ ይፈቅዳል። በዚያው ክፍት ኮድ ላይ ሌላ ኤዲተር የገነባ ሰው ቅጥያ የሚያወርድበት የራሱን ገበያ መፈለግ አለበት።